ኩን ራፒድስ የሚኒሶታዋ አይደለችም፣ ታሪኩም የክሩስቾፍ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዕትማችሁ ስለ ሶቪየት ህብረቱ መሪ ስለ ኒኪታ ክሩስቾፍ የአሜሪካ ጉብኝት ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም የምኖረው አዮዋ ዴሞይን ነው፣ ሰውየው የሄደበት የበቆሎ እርሻ ከቤቴ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እናንተ ግን «ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ» ብላችሁ ጻፋችሁ። የሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ያለችው ናት፣ እዛ አካባቢ ሀበሻ ስለሚበዛ ስሙን ስታዩ እሷ መጥታባችሁ ይሆናል። ክሩስቾፍ የሄደው አዮዋ ውስጥ ወዳለችው፣ ራኩን ወንዝ ዳር ወዳለችው ትንሽዬ የገበሬ ከተማ ነው፣ ቀኑም ረቡዕ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1959፣ በእኛ መስከረም 12 ቀን 1952 ዓ.ም.።

ይሄን ብቻ ለማረም ቢሆን አጭር መልእክት ይበቃ ነበር። የቆጨኝ ሌላ ነው። አዮዋን ያለፋችኋት በሶስት መስመር ነው፣ ክሩስቾፍ የአንዱን ቦርጫም ሰውዬ ሆድ መታ መታ አደረገ፣ ባለርስቱ ሮዝዌል ጋርስት ጋዜጠኛ በእርግጫ መታ፣ አለቀ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጋዜጠኛውና ካሜራው በዝቶ እንግዳው እርሻውን ማየት ሲያቅተው ጋርስት በጣም ተናዶ ሳይሌጁን (ተፈጭቶ ለከብት የሚቀመጠውን የበቆሎ አገዳ) በእጁ እየዘገነ ወረወረባቸው፣ የኒውዮርክ ታይምሱን ሃሪሰን ሳልዝበሪንም ቅልጥሙ ላይ መታው። ግን እስቲ አስቡት፣ የሶቪየት ህብረት መሪ ከዓለም ሁሉ መርጦ አንድ የአዮዋ ገበሬ ቤት ለምን ሄደ? እሱን አልነገራችሁንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1930 ነው (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው)። ጋርስት ተራ ገበሬ አልነበረም፣ ዘር ነጋዴ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሄንሪ ዋላስ በ1926 የዲቃላ በቆሎ (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የሚገኝ ዘር) ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፣ ዛሬ ፓዮኒር የምንለው ማለት ነው፣ ጋርስትም ከሸሪኩ ከቻርልስ ቶማስ ጋር ሆኖ ያንን ዘር ኩን ራፒድስ ላይ አባዝቶ መሸጥ ጀመረ። ጊዜው ግን የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው፣ በቆሎ ዋጋ አጥቷል፣ ገበሬው ዘር የሚያወጣው ከራሱ ጎተራ ነው፣ ገንዘብ ከፍሎ ዘር መግዛት የሚባል ነገር አይገባውም። ጋርስት ምን አደረገ፣ ዘሩን በነፃ ልስጥህ፣ ከድሮው ዘርህ አጠገብ ዝራው፣ ከድሮው በላይ ያገኘኸውን ግማሹን ትሰጠኛለህ ማለት ጀመረ። ከዛ የ1936 ድርቅ መጣ፣ ዲቃላው ሲቆም የድሮው ተኛ፣ ገበሬውም በዓይኑ አየ።

የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ ሁለት ተመራማሪዎች በሁለት የአዮዋ የገበሬ መንደሮች 259 ገበሬዎችን ጠይቀው ጥናታቸውን በ1943 አውጥተዋል። እስከ 1941 ድረስ ከሁለት ገበሬ በስተቀር ሁሉም ዲቃላውን ተቀብለዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከሻጩ ነው፣ ያመኑት ግን ጎረቤታቸውን ነው።

ይሄን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም እኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ ነበርኩ። ቢኤች 660 የሚባለውን ዲቃላ በቆሎ ይዘን ስንዞር «ልጄ፣ ዘር ከጎተራ ነው እንጂ ከሱቅ ነው እንዴ?» ያሉኝን ሽማግሌ እስከዛሬ አልረሳቸውም። እሳቸው አንድ ቃዳ ብቻ ለሙከራ ዘሩ፣ መኸር ሲደርስ ሰው በአጥር ላይ ተንጠራርቶ እያየ ይሄድ ነበር፣ በዓመቱ እኔ ሳልለፋ ጎጡ ሙሉ ዘር ፈለገ። የኛ ችግር ከዛ በኋላ ነው የመጣው፣ ዘሩ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ይደርሳል፣ ዲቃላ ደግሞ ያመረትከውን መልሰህ ብትዘራው ምርቱ ይወርዳል፣ በየዓመቱ መግዛት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ዘሩ ከዘገየ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። ይሄን ችግር በዓይኔ ያየሁት ሰው ስለሆንኩ ነው ዘር በጊዜ የሚያደርስ ሰው ታሪክ ከቀልድ በላይ የሚሆንብኝ።

ዘሩ እንዴት እንደሚሰራም መፃፍ ነበረበት። አንዱን ዝርያ ወንዴ አንዱን ሴቴ አድርገው በረድፍ ይዘሩና፣ የሴቴው በቆሎ አናቱ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን ሳይበትን በእጅ ይነቀላል፣ አንድ በአንድ፣ ማሳው ሙሉ። ያንን የሚሰሩት በሐምሌ ሙቀት ሴቶችና ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ጎረምሶች ነበሩ፣ ጠዋት በጤዛ በስብሰው፣ ከሰዓት ቅጠሉ ክንዳቸውን እየቆረጣቸው። ዴሞይን የስራ ባልደረባዬ የሆነች አሮጊት በልጅነቷ የመጀመሪያ ደሞዟ እሱ እንደነበር ነግራኛለች፣ ስትነግረኝ ክንዷን ታሻሽ ነበር።

አሁን ወደ ክሩስቾፍ። በ1955 መጀመሪያ ለህዝቡ ስጋና ወተት የምንሰጠው በቆሎ ስናበዛ ነው፣ ከአሜሪካ እንማር ብሎ ተናገረ። ይሄን ያየ ሎረን ሶዝ የሚባል የዴሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ አዘጋጅ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1955 ርዕሰ አንቀፅ ፃፈ፣ ሶቪየቶች ኑና እርሻችንን እዩ፣ የአዮዋ ገበሬ የሚደብቀው ምስጢር የለውም ብሎ። ልብ በሉ፣ ኮሚኒስት ነህ እያለ ሰው ያሳድድ የነበረው ሴናተር ማካርቲ በሴኔቱ ከተወገዘ ገና ሁለት ወር ነው፣ ኮሚኒስት ወዳጅ መባል ሰው ከስራ የሚያባርርበት ዘመን ነው። የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ርዕሰ አንቀፅ ነው፣ ሞስኮ ግን ሰማች፣ በዛው ክረምት የሶቪየት የግብርና ልዑክ አዮዋ ገባ። ሶዝ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። ጋርስትም የልዑኩን መሪ ማትስኬቪችን ከፕሮግራሙ አውጥቶ ወደ እርሻው ወሰደው፣ በዛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ራሱ ሶቪየት ሄዶ ክሩስቾፍን አገኘና 5 ሺ ቶን ዲቃላ ዘር ሸጠለት። የ1959ኙ ጉብኝት የመጣው ከዚህ ነው፣ አንዱ የሌላውን እርሻ ሊያይ የሄደበት ወዳጅነት ነበር።

ጋርስት የሚያሳየው ደግሞ ዘር ብቻ አልነበረም። ሌላው የሚጥለውን ቆረቆንዳና አገዳ ፈጭቶ ከዩሪያ ጋር ለከብት ያበላ ነበር፣ ማዳበሪያ ላይ ደግሞ ሃይለኛ ነበር። ክሩስቾፍ በማስታወሻው እንደተረከው አንዴ የሶቪየት ገበሬዎች ማዳበሪያ ሳይጨምሩ በቆሎ ሲዘሩ አይቶ እዛው ማሳው ላይ ጮኸባቸው። ክሩስቾፍ ግን ምክሩን እንዳለ አልተቀበለም፣ በቆሎ ለማይሆንበት ብርዳም አገር ሁሉ በትእዛዝ አስዘራው፣ በ1963 ምርት ሲጠፋ እህል ከውጭ ለመግዛት ተገደደ፣ በዓመቱ ከስልጣን ወረደ። ጎረቤቱ ማሳ ላይ ያየውና ከሞስኮ የታዘዘው ገበሬ ልዩነት እዚህ ጋ ነው፣ እኔ ብፅፈው የምፅፈው ይሄን ነበር።

የኛም አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ክሩስቾፍ አዮዋ ከመሄዱ ሁለት ወር ገደማ በፊት ጃንሆይ ሞስኮ ነበሩ፣ 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመልሰዋል። ዛሬ ገበሬያችን ሊሙ፣ ሾኔ እያለ የሚዘራው በቆሎም የመጣው ከዛው ዋላስ ካቋቋመው ኩባንያ ነው።

ባለፈው መስከረም ልጄን ይዤ ኩን ራፒድስ ሄጄ ነበር። የጋርስት ቤት አለ፣ ዙሪያው መሬት የተፈጥሮ ጥበቃ ሆኗል፣ በ2009 ሃምሳኛ ዓመቱ ሲከበር የክሩስቾፍ ልጅ ሰርጌይ መጥቶበታል። ማሳው አሁንም በቆሎ ነው፣ ሰው ግን ሳስቷል፣ በ1950 አዮዋ ውስጥ ከ200 ሺ በላይ እርሻ ነበር፣ ዛሬ ወደ 87 ሺ ወርዷል። ያ ምርጥ ዘርና ያ ትራክተር ምርቱን ሲያበዛው ገበሬውን አሳነሰው፣ ይሄም የታሪኩ አካል ነው፣ ለኛ አገር እቅድ ለሚያወጡ ሰዎች ቢነገር ጥሩ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ፣ በሚቀጥለው ዕትም ሚኒሶታ ያላችሁትን አዮዋ ብላችሁ አርሙልኝ፣ ቦታ ካላችሁ ደግሞ የሶዝን ስም ጨምሩበት፣ ጋዜጠኛ ስለሆነ እናንተ ብታነሱት ደስ ይለኛል። የእርሻው ፎቶዎች እኔ ጋ አሉ፣ ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ፣ ከዴሞይን