ከመፈረሜ በፊት

የኔ ቆንጆ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በኧርሊ ዲሲዥን፣ ከተቀበሉኝ እዛው እገባለሁ ብዬ ፈርሜ ቀድሜ አፕላይ ላድርግ ወይ ስትይኝ ቶሎ ያልመለስኩልሽ ሳልደግፍሽ ቀርቼ አይደለም፣ መጀመሪያ እኔ ራሴ በደንብ እንዲገባኝ ብዬ ነው። ነገሩ እኮ ቀላል አይደለም፣ ኖቬምበር 1 ታስገቢያለሽ፣ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ መልስ ይመጣል፣ ከተቀበሉሽ ሌላ ጋ ያስገባሽውን ሁሉ ትተሽ እዛው ነሽ በቃ። የስምምነቱን ወረቀት ደግሞ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እኔም የትምህርት ቤት ካውንስለርሽም ነው የምንፈርመው።

ጓደኞችሽ ኧርሊ ከሆነ ቻንሱ ከፍ ይላል ይላሉ፣ እውነት ነው ፐርሰንቱ ከፍ ይላል፣ ግን እዛ ውስጥ ኮች አስቀድሞ የመረጣቸው ስፖርተኞችም አሉበት፣ ስለዚህ ላንቺ የሚጨምርልሽ የሚወራውን ያህል ላይሆን ይችላል። በዛ ላይ ቻንስ ተብሎ ብቻ አይፈረምም። የእገሌ ልጅ እዚህ ገባች እዛ ገባች የሚባለውንም እርሺው፣ እኔና እናትሽ ቤተክርስቲያን የምናወራው ወሬ እንዲኖረን አይደለም የምትማሪው።

እኔን የሚያሳስበኝ ብሩ ነው። በመደበኛው ጊዜ፣ ሬጉላር ብታስገቢ የሁሉንም የኤይድ፣ የገንዘብ እርዳታ ማለት ነው፣ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እስከ ሜይ 1 እናወዳድራለን፣ በኧርሊ ግን የምናየው አንድ ደብዳቤ ነው። ሆፕኪንስ በ2018 ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለኤይድ ከሰጠ በኋላ በብድር ፋንታ የማይመለስ ግራንት ነው የሚሰጠው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጎደላችሁን በሙሉ እንሞላለን ይላሉ፣ ምን ያህል እንደጎደለን የሚያሰሉት ግን እነሱ ናቸው። እኔ ኡበር ነው የምነዳው፣ ታክስ ላይ የመኪናውን ወጪ ቀንሼ የሚወጣው ገቢና ለኤይድ የምንሞላውን ፎርም፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይሉን አይተው እነሱ የሚይዙት ገቢ ሊለያይ ይችላል፣ የቀነስኩትን መልሰው ሊደምሩት ይችላሉ። ደሴ ለአያትሽ በየወሩ የምንልከውንም ዌብሳይታቸው ላይ ያለው የክፍያ መገመቻ ካልኩሌተር ላይጠይቅ ይችላል፣ እሱን ሲኤስኤሱ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ ላይ በግልጽ መጻፍ አለብን።

ካምፓሱን ያየን ቀን ተማሪዎቹን አስቁመሽ ስለ ላብራቶሪ ስትጠይቂ አይቼሻለሁ፣ እንሂድ ስንልሽ እንኳን አልሰማሽም። ስለዚህ ፍላጎቱ ያንቺ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ሂሳቡ የምንችለው ከሆነ እፈርማለሁ። ተቀብለውሽ ኤይዱ ካልበቃን ደግሞ ከስምምነቱ እንዲለቁሽ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ያኔ ለሌሎቹ ዴድላይን የሚቀርሽ ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ኤሴዎቹን ካሁኑ ጨርሻቸው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲንም በኧርሊ አክሽን እዛው ኖቬምበር 1 አስገቢ፣ እሱ አያስርሽም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አልወጣም፣ ካልኩሌተሩን አብረን እንሞላለን። ታክሱንና የእናትሽን የዓመት ደሞዝ ወረቀት፣ ደብሊው ቱውን እኔ አወጣለሁ፣ አንቺ ኤይድ ኦፊስ ደውለን የምንጠይቀውን ጻፊ፣ የኡበሩን ወጪ እንዴት ነው የምትቆጥሩት የሚለውን መጀመሪያ አድርጊው።

አባትሽ