የእናና ኪኒን ጾም የለውም

ባሕር ዳር ላለሽው ልጄ፣

እናና ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ እስከ ቅዳሴ መውጫ ኪኒኗን እንደማትውጥ፣ አንቺም «ጾሟን ላስፈታት አልደፈርኩም» ብለሽ ዝም እንዳልሽ ወንድምሽ ነገረኝ። አልተቆጣሁም። ብቻ ኪኒኑን አታስዘልያት።

ሕመሟ ፓርኪንሰን ነው፤ ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎሏ ሴሎች በብዛት ሞተዋል። ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አይገባም፤ ኪኒኗ ውስጥ ያለው ሌቮዶፓ ግን ይገባና እዚያ ዶፓሚን ይሆናል። እዚያው ኪኒን ውስጥ አብሮት ያለው ካርቢዶፓ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ይቀንሳል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እግሯ በር ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው።

በ1957 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ለጥንቸሎች ዶፓሚንን የሚያሟጥጥ ሪሰርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጣቸውና ጆሯቸውን ጥለው ደነዘዙ። ሌቮዶፓ ሲወጋቸው ወዲያው ነቅተው መዝለል ጀመሩ። በ2000 ኖቤል ተሸለመ። እናናንም ጠዋት ከኪኒኑ በፊትና በኋላ እያት፤ ያቺው ጥንቸል ናት።

ሰዓቱን ጽፌ ግድግዳ ላይ ሳልለጥፍ መውጣቴ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ጻፊው፦ ጠዋት 12፡30፣ ቀን 6፡30፣ ማታ 12፡30፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በውኃ። ጾሙ ራሱ አይጎዳትም፤ እንዲያውም ሥጋና ወተት ስለሌለ ከሌቮዶፓው ጋር የሚሻማው ፕሮቲን ይቀንሳል። ጾሙ ሲፈታ ሥጋውን ለማታ አድርጉላት። ኪኒኑን ግን አታስዘልያት።

ብታስታውክ ፕላሲል እንዳትገዢላት! የቀረቻትን ዶፓሚን ይዘጋባታል። ማቅለሽለሹ ካርቢዶፓው ስላነሰ ሊሆን ይችላል፦ ከ250/25ቱ ኪኒን (ሌቮዶፓ 250፣ ካርቢዶፓ 25 ሚሊግራም) ግማሽ በቀን ሦስቴ ካርቢዶፓው 37.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ቢያንስ ወደ 75 መድረስ ነበረበት። ይህን ለሐኪሟ እኔ አነሣዋለሁ። እስከዚያ ደረቅ ዳቦ ቁራሽ አብራ ትብላ።

«የሌሉ ልጆች ግቢ ውስጥ አየሁ» ካለች አትደንግጪ፣ ለጎረቤትም አታውሪ። ዶፓሚን ሲበዛ እንዲህ ያሳያል። ሃሎፔሪዶል ግን ማንም አይስጣት፤ ለስኪዞፍሬንያ የሚረዳው ዶፓሚን የሚቀበለውን በር ዘግቶ ነው፣ እሷን ደግሞ ያደርቃታል።

የኔ ዓለም፣ እንደገና ልበልሽ፦ በድንገት አታስቋርጫት። ትኩሳት፣ የሰውነት መክረርና መቃዠት አብረው ከመጡ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

የንስሐ አባቷን ዛሬውኑ አነጋግሪ፤ ከእሳቸው አፍ ከሰማች ትውጣለች። ከዚያ የቀሩትን ኪኒኖች ቆጥረሽ ንገሪኝ።

እናትሽ