ስለ ተማሪዎች ፓርላማ የምረጡኝ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ከልጆቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከእኔም ስሙት።

አንዲት የ8ኛ ክፍል እጩ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ተናገረች። ሦስት ቀን ሙሉ ቧንቧ እየከፈተች፣ ውሃ የጠፋበትን ሰዓት በደብተሯ መዝግባለች። ተፎካካሪዋ ተነሣና «አፈ ጉባኤ ነው ወይስ የቧንቧ ሠራተኛ የምንመርጠው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም አልተኛችለትም፤ «አንተ መጀመሪያ ሒሳብ እለፍ!» አለችው። ጩኸቱ ባሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ስለ ውሃው ከዚያ በኋላ ያነሣ የለም። አባታቸው የቧንቧ ሠራተኛ የሆኑ ልጆችም እዚያው ተቀምጠው ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ሽሙጥ ይከልከል» አላችሁኝ። ሌሎቻችሁ «ልጄ ተነክቶ ዝም ይበል እንዴ?» ብላችኋል። የሁላችሁም ገብቶኛል። መልስ መስጠትን ግን አልከለክልም። በላ ልበልሃ የኛው ነው። የጥንቱ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በግጥም እየወጋና እየተወጋ ነበር የሚከራከረው።

ሳቅም ቢሆን ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን 73 ዓመታቸው ነበር። በምርጫ ክርክር ላይ ስለ ዕድሜያቸው ተጠየቁ። እሳቸውም የተፎካካሪዬን ወጣትነትና የልምድ ማነስ ለፖለቲካ መጠቀሚያ አላደርግም ብለው መለሱ። «ወጣቱ» ዋልተር ሞንዴል 56 ዓመታቸው ነበር። ከሕዝቡ ጋር አብረው ሳቁ። የተነካው ሰው አብሮ መሳቅ የሚችልበት ቀልድ እኛም ቤት ይግባ እላለሁ።

ያ ልጅ እኮ ጥሩ መልስ ነበረው። «ውሃው ለሰፈሩ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንቺ ተመርጠሽ ምን ትለውጫለሽ?» ቢላት እሷም ታስብበት ነበር። ይህም መልሶ ማጥቃት ነው፣ ያውም ጠንካራ።

ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ሁሉም እጩዎች እንደገና ይናገራሉ። የተፎካካሪን ዕቅድ መተቸት፣ መተረብም ይቻላል። በውጤት፣ በልብስ፣ በቤተሰብ ወይም በአነጋገር ዘዬ መቀለድ አይቻልም። ይህን ያደረገ እጩ ንግግሩን እዚያው ያቆማል።

ቤት ሲለማመዱ እባካችሁ አዳምጧቸው። የሚያስቅ ነገር ሲናገሩ «ይቺ ስለ ዕቅዱ ናት ወይስ ስለ ልጁ?» በሏቸው። ንግግሩን ግን እናንተ አትጻፉላቸው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንጀምራለን። የምትችሉ ኑ። ያቺን ልጅ ደብተሯን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር