ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እዚህ አዳማ ያረጁ የቅንጦት መኪኖችን የሚያፈላልግ ሰው በዝቷል፤ ከሁሉም በላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 የተመረተውን 124 መርሴዲስ። ለዕለት ሥራ የሚሆን ምቹና ጠንካራ መኪና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት የፈለገ ሰው ይህን መምረጡ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው ከተገዙት ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ “ፈላ፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተበላ” ተብለው ጋራዥ ደጅ አቧራ ለብሰው መቅረታቸው ነው። ከዚያ “ድሮስ አሮጌ መኪና” ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱ የዕድሜው ነው ብዬ አላምንም። መኪኖቹን የሚጨርሳቸው ማቀዝቀዣቸው ላይ የሚሠራው አቋራጭ ነው፤ ገዢውም መካኒኩም ሊያስቀረው ይችላል።

አቋራጩ የሚጀምረው ከቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ ሙቀት ከሚቆጣጠረው ቫልቭ ነው። ሞተሩ ትንሽ ሲሞቅ “አዳማ ቆላ ነው፣ ይሄ ለብርድ አገር ነው” ተብሎ ይወጣና ይጣላል። በ124 ሞተሮች ላይ ይህ ከብዙ መኪኖች የባሰ ጉዳት አለው። የእነዚህ ሞተሮች ቴርሞስታት በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ 87 ዲግሪ ላይ መከፈት ሲጀምር ውሃው ወደሚበርድበት ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በሌላኛው ጫፉ ባለው ሳህን ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አጭር መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አጭሩን መንገድ የሚዘጋው የለም። ከፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ያው መኪና ማታ በሜዳ መንገድ ላይ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ኤሲ ተከፍቶ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ይፈላል። ቅዝቃዜውም ቀላል አይደለም። የቤንዚን ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ስለሚመስለው ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ (ኮፓ) ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ይበላል።

ቴርሞስታት ደህና መሆኑን በድስት ውሃ መፈተን ይቻላል። የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥሉት፣ ቴርሞሜትር ጨምሩ፣ ውሃውን ቀስ እያላችሁ አሙቁ። 85 እና 89 መካከል መላቀቅ ከጀመረ ደህና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 102 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 ላይ ፈልቶ ያበቃል። ስለዚህ በድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ሲከፈት አይታችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። መልሳችሁ ስትገጥሙ የአየር ማስወጫዋ ትንሽ ኳስ ያለችበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ አየር ታምቆ ይቀራል።

ይኸው 95 ዲግሪ የውሃ ታንኩን ክዳን ጉዳይም ያስረዳል። ሞተሩ በጤናው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ይሠራል፤ ማለትም አዳማ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላበትን መጠን ያልፋል። የማይፈላው ክዳኑ 1.4 ባር ግፊት ስለሚይዝና መፍሊያውን ወደ 120 ዲግሪ ከፍ ስለሚያደርገው ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ የሙቀት ጌጁ ገና ቀይ ሳይደርስ ውሃው ይፈላል፣ ሹፌሩም ምኑም አይገባውም። ላዩ ላይ 140 የሚል ቁጥር ያለበትን ክዳን ግዙ። የሌላ መኪና ክዳን ስለገጠመ ብቻ አይሠራም። ከጠቅላላው ጥገና ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ሰው የመጨረሻ የሚያስበው ነገር መሆኑ ይገርመኛል።

ስለ ውሃው። “በረዶ በሌለበት አገር አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?” የሚል ክርክር በየጋራዡ ይሰማል። የሞተሩ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱን ከዝገትና ከመበላት የሚጠብቀው አንቲፍሪዙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። የቧንቧ ውሃ ግን ማዕድኑን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እያስቀመጠ ይደፍናቸዋል። ትክክለኛው ግማሽ አንቲፍሪዝ ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው። የተጣራ ውሃ ለመግዛት ባትሪ ቤት ስትሄዱ ግን ተጠንቀቁ፤ “የባትሪ ውሃ” ብላችሁ ብትጠይቁ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

ለዓመታት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ሞተር በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል። መጀመሪያ ሞተሩ በርዶ ሳለ የራዲያተሩን መክፈቻና የብሎኩን ቡሎን ፈታችሁ አፍስሱ። ራዲያተሩ ብቻ ከተከፈተ ግማሽ ያህሉ ብሎክ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጡ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ8 እስከ 10 ሊትር ይይዛል። የካቢን ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን 80 ዲግሪ እስኪደርስ አስነሱ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዩ፣ ወደ 50 ሲወርድ አፍስሱ። አሲዱ አሉሚኒየም ስለሚበላ ፈጽሞ አይደር። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እያሞቃችሁ አለቅልቁ። ስትሞሉ መጀመሪያ አንቲፍሪዙን ግማሽ ያህል ጨምሩ፣ ቀጥሎ የተጣራውን ውሃ፤ ቢገለበጥ በሞተሩ ውስጥ የቀረው የማለቅለቂያ ውሃ ቦታ ይይዝና አንቲፍሪዙ ያንሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቆሻሻው ራሱ ደፍኖት የቆየ ቀዳዳ ካለ እጥበቱ ያጋልጠዋል። ያ ቀዳዳ አዳማ ላይ ቢታወቅ ሞጆ መንገድ ላይ ከሚታወቅ ይሻላል።

ራዲያተሩን ስታዩ የላይኛው የውሃ ጎማ (ቱቦ) የሚሰካበትን የፕላስቲክ አንገት በደንብ መርምሩ። በሙቀት ብዛት ይደርቅና በክላምፑ ልክ ዙሪያውን ይሰነጠቃል፤ ሲሰበር ውሃው በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፣ ሹፌሩ እስኪያውቅ ቴስታታው ተጣምሟል። በኤፖክሲ መለጠፍ አያዛልቅም፤ ራዲያተሩ ይቀየር።

ቀጥሎ ፋኑ። በባጃጅ መሃል እየተሳቡ ሲነዱ ነፋስ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ባለ ቪስኮስ ፋን (ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ የሚይዝ ክላች ያለው) የተገጠመለት ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ሳለ አጥፉትና ቁልፉን አውጥታችሁ ፋኑን በእጅ አዙሩት፤ ያዝ ማድረግ አለበት። በነጻ የሚሽከረከር ከሆነ ቪስኮሱ አልቋል። ከፊት ያሉት የኤሌክትሪክ ፋኖች ኤሲ ተከፍቶ መኪናው በቆመበት በዝግታ መዞር አለባቸው። በዝግታ ካልዞሩ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስታንስ ነው፣ ትንሽ ዕቃ ነው። እሱን መቀየር ሲገባ ፋኑን በቀጥታ ሽቦ ከማብሪያ ጋር ማያያዝ ሌላው አቋራጭ ነው፤ ሹፌሩ ማብራት የረሳ ቀን ሞተሩ ይከፍላል፣ ያለ ሪሌ የተሳበው ቀጭን ሽቦም ይቀልጣል። በመጨረሻም የነፋስ ተርባይን የተተከለላት ከተማ ውስጥ እንደምንኖር አንርሳ። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራና ገለባ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፣ ከፊት ሲታይ ግን ንጹሕ ይመስላል። በዓመት አንድ ጊዜ መካከሉን ክፈቱና ለስለስ ባለ ውሃ ከሞተር ወገን ወደ ፊት እጠቡት። የአየር ፊልትሮውንም በዚሁ አጋጣሚ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ግዢው ልመለስ፤ የተጠቀሰው ሁሉ በግማሽ ቀን ፍተሻ ይታወቃልና። ደላላው ሞተሩን አስነስቶ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ፣ ሞተሩ በርዶ መገኘት አለበት። የ124 ኮፈን ቀጥ ብሎ እስከ 90 ዲግሪ ይከፈታል፤ እንደዚያ ክፈቱትና የውሃ ታንኩን ክዳን አንሡ። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ የቧንቧ ውሃ ታሪክ ነው፣ ይታጠባል። የተንሳፈፈ ዘይት ካለ ግን ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት ተሰናበቱ። ክዳኑን ዘግታችሁ አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ አድርጉ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ጎማው ወዲያው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ (ጋስኬት) አልቋል። ከዚያ ንዱት። ጌጁ 60 አካባቢ ቆሞ አልወጣ ካለ ቴርሞስታቱ ወጥቷል፤ “ለምን ወጣ?” ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ የመኪናውን የሙቀት ታሪክ ይነግራችኋል። ኤሲ ከፍታችሁ በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ስትመለሱም ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ አቁሙት። ጌጁ በዚህ ሁሉ ከ100 ብዙ ካላለፈ ማቀዝቀዣው ደህና ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1995 የተሠሩት ላይ የሞተሩን የሽቦ ማሰሪያ ለብቻው እዩ። በእነዚያ ዓመታት የተሠራው የሽቦ ልባስ በሙቀት ይፈረፈራል፤ ከማያያዣው አጠገብ ሽፋኑን ትንሽ ገለጥ አድርጋችሁ ሽቦውን ቀስ ብላችሁ ብታጥፉት መዳቡ ገሃድ ይወጣል። ሽቦዎቹ ሲነካኩ ሞተሩ ያነክሳል፣ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥልም ይችላል። በቴፕ መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፤ ማሰሪያው በሙሉ በአዲስ ሽቦ ይሠራ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ኤም 104 ሞተር ከቴስታታው የኋላ ጥግ ዘይት ማስረጉ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ዘይት ወደ ውጭ መውጣቱ ያናድዳል እንጂ ውሃ እስካልተቀላቀለ ድረስ አያስፈራም። ለዕለት ሥራ ከጠየቃችሁኝ ግን ባለ አራት ሲሊንደሩን ወይም ናፍጣውን እመርጣለሁ፤ ሙቀታቸውም ወጪያቸውም ያንሳል።

የቀረውን ባጭሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮው በየ60,000 ኪሎ ሜትር ዘይትና ፊልትሮ ይፈልጋል፤ መጠኑ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ በፒ ላይ ሆኖ ነው፣ በዘይት መለኪያው ዱላ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት 0.3 ሊትር ብቻ ስለሆነ እየለካችሁ ጨምሩ። ማርሹ ዘግይቶ እየመታ ከገባ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የቫኩም ጎማዎቹን ፈትሹ። የካርዳኑ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) የጎማ ዲስኮች ከተሰነጠቁ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የፊት ታችኛው ቦል ጆይንት የሕይወት ጉዳይ ነው፣ አይዘግይ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የጎማ ጎን ላይ ዶት ከሚለው በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ይዛችሁ የፍጥነት መንገድ አትውጡ። መብራት ወይም ፋን ሲጠፋ ሲመጣ መጀመሪያ ፊውዞቹን ቀይሩ፤ ነጩ 8፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 አምፔር ነው።

ከመክፈል በፊት ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ከሆነ ስም ማዞር ላይ ትቆማላችሁ። ካላችሁ ገንዘብም ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ፤ መኪናው ሁሉንም ከጨረሰው አቋራጩ ይጀምራል።

ለከተማችን ጋራዦች ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቴርሞስታት ስታወጡ ለባለቤቱ በእጁ ስጡት፣ ለምን እንደወጣም በደረሰኙ ላይ ጻፉለት። የማቀዝቀዣ መፈተሻ የእጅ ፓምፕም አንድ ይኑራችሁ፤ 1.4 ባር ሞልቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ የሚፈስሰውን ቦታ ያሳያል፣ ያለ ምክንያት ቴስታታ ከማውረድም ያድናል። የዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ኃላፊዎችም ይህን ፍተሻ ቢያንስ ከ20 ዓመት በላይ ለሆናቸው መኪኖች ቢጨምሩት በፍጥነት መንገዱ ጠርዝ ኮፈን ከፍቶ የሚቆመው መኪና ይቀንሳል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ