ስለ መተንፈሻ አካላት ቫይረስ ምርመራ፦ በድሬዳዋ ለምንሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ውድ የቡድናችን አባላት፣

ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ ነጌቲቭ ካሳየ ታካሚው ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ የለበትም ብሎ መደምደም ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄያችሁ መልሱ አይቻልም የሚል ነው። ይህ ምርመራ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልግ በመሆኑ ውጤቱን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሰጥም፣ በናሙናው ያለው የቫይረስ መጠን አነስተኛ ሲሆን ሊያመልጠው ይችላል፤ ፒሲአር ግን የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ስለሚለይ ጥቂቱንም ያገኛል። ይሁን እንጂ ፒሲአር ታካሚው ካገገመ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ጋር ተገናዝቦ ካልተነበበ ያሳስታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የከተማችን ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲቀመጡ አምራቾቹ ያሳስባሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ማቀዝቀዣ የሌለው የድሬዳዋ መጋዘን ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ በየመጋዘኑ ቴርሞሜትር ተሰቅሎ የሙቀቱ መጠን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንዲመዘገብ አደራ እላለሁ። ለኮቪድ ፒሲአር የሚላክ ናሙናም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተይዞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ።