ጌም ላይ ኮምፒውተሩ ቀጥ ለሚልባችሁ ደንበኞቻችን፦ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ሳውንዱን እዩት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው?

ይሄን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አንድ ነገር በጣም እየተደጋገመ ስላየን ነው። ከዩኒቨርሲቲው የምትመጡ ተማሪዎችም፣ መርካቶና አጂፕ አካባቢ ጌም ቤት የከፈታችሁም፣ "ጌም ስከፍት ሀንግ ያደርጋል" ብላችሁ ትመጡና ገና ዕቃውን ሳናየው ራም ጨምሩልኝ፣ ግራፊክስ ካርድ ቀይሩልኝ፣ ካልሆነም ፎርማት አድርጉልኝ ትላላችሁ። ዕቃ ብንሸጥላችሁ ለኛ ገቢ ነው፣ ግን ችግሩ እዛ ካልሆነ ብራችሁ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፣ አዲሱን ራም ሰክታችሁም ቤት ስትገቡ ያው ነው፣ ይሄ ነገር እኛን በጣም ያሳዝነናል። ስለዚህ ሰው ብዙ የማይጠረጥረውን አንድ ነገር በደንብ እናስረዳችሁ፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ አብሮ የሚመጣውን ሳውንድ።

ሳውንድ እንዴት ጌም ያቆማል ትሉ ይሆናል። አሁን በእጃችን ያሉት ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች አብዛኞቹ ለብቻው የተሰካ ሳውንድ ካርድ የላቸውም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ቺፕ ናት ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ሪልቴክ የሚባለው ድርጅት የሚሰራት። ኢንቴል እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ኤሲ 97 የሚባለውን ከዛ በ2004 ደግሞ ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ የሚባለውን ስታንዳርድ አውጥቶ ነው እንዲህ የተለመደው፣ ቺፗ ድምፁን ወደ ስፒከርና ሄድፎን ታወጣለች፣ ማይኩን ትቀበላለች፣ የጥይቱን፣ የመኪናውን፣ የተመልካቹን ጩኸት አንድ ላይ የማደባለቁን ስራ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው የሚሰራው፣ መሃል ላይ ደግሞ ቺፗንና ዊንዶውስን የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አለ። ዊንዶውስ ድምፁን በተለምዶ በ10 ሚሊሰከንድ በ10 ሚሊሰከንድ ቆራርጦ ነው የሚያዘጋጀው፣ ጌሙም በሰከንድ 60 ምስል ሲያወጣ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ታዲያ የተበላሸ ወይም ለዛ ቺፕ ያልሆነ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ አልለቅም ሲል፣ ባንክ መስኮት ላይ የአንዱ ሰው ጉዳይ አላልቅ ሲል ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ ቀጥ እንደሚለው ምስሉም፣ ማውሱም፣ ኪቦርዱም አብረው ይቆማሉ። እናንተ የምታዩት ስክሪኑ መቆሙን ስለሆነ ግራፊክስ ካርዱን ትጠረጥራላችሁ፣ አይፈረድባችሁም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጌሙ ቀጥ ሲል ድምፁ "ድርርርር" እያለ አንዱን ቦታ የሚደጋግምባችሁ አላችሁ፣ ይሄ ብቻውን ጥፋቱ የሳውንዱ ነው ማለት አይደለም! ድምፁ ሚሞሪ ላይ ትንሽ ቦታ ተይዞለት ሃርድዌሩ እየዞረ ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩ በሙቀትም ይሁን በራም ወይም በፓወር ሰፕላይ ምክንያት ቢደርቅ አዲስ ድምፅ የሚሞላለት ስለሌለ ያችኑ አሮጌዋን ደጋግሞ ያሰማል። ሳውንዱን በጣም የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው፦ ቀጥ የሚለው አዲስ ድምፅ ሲጀምር ከሆነ፣ ከጓደኛ ጋር ለማውራት ማይክ ስትከፍቱ ከሆነ፣ የሄድፎኑ ገመድ ሲነካ ከሆነ፣ ወይም ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ ራሱ ከተመለሰ።

መሞከሪያው ቀላል ነው ብርም አያስወጣም። ዊንዶውስ ውስጥ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱ፣ የሳውንድ ዲቫይሶች ያሉበትን መስመር ዘርጉት፣ እዛ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፣ አንዱ የማዘርቦርዱ ሳውንድ ሌላው በኤችዲኤምአይ ድምፅ የሚያወጣው የግራፊክስ ካርዱ ሳውንድ፣ ሁለቱንም ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲሴብል በሏቸው፣ ለጊዜው ማጥፋት ማለት ነው። አንኢንስቶል አትበሉ፣ ዲሴብል ብቻ። ከዛ ሪስታርት አድርጋችሁ ያንኑ ጌም፣ የሚቆምበትን ያንኑ ቦታ፣ ያለ ድምፅ ረዘም አድርጋችሁ ተጫወቱ። መቆሙን ከተወ ሌባው ተያዘ፣ አንድ በአንድ ኢኔብል እያደረጋችሁ (መልሳችሁ እያበራችሁ) የትኛው እንደሆነ ለዩት። ካልተወ ሳውንዱን ልቀቁት፣ ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩን እንይላችሁ። አንዳንድ የቆዩ ጌሞች ጭራሽ ሳውንድ ካላገኙ አይነሱም፣ እንደዛ ከሆነባችሁ የዩኤስቢ ሳውንድ (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ) ሰክታችሁ ሞክሩት።

ጥፋተኛው የማዘርቦርዱ ሳውንድ ከሆነ መጀመሪያ ድራይቨሩን ነው የምንነካው። እዚህ ከተማችን የተለመደው ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ የሚጭን ፓኬጅ በፍላሽ ይዞ ማንኛውም ማሽን ላይ መልቀቅ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አያግዝም አንልም፣ ግን ለሳውንድ ብዙ ጊዜ የሚቀራረበውን እንጂ ትክክለኛውን አይሰጥም። ደስ የሚለው ነገር ዊንዶውስ ውስጥ የማይክሮሶፍት የራሱ የሳውንድ ድራይቨር አለ፣ ዳታም አይበላም። ዲቫይሱን ራይት ክሊክ፣ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዛ ከኮምፒውተሬ ፈልግ የሚለውን፣ ቀጥሎ ከዝርዝሩ ራሴ ልምረጥ የሚለውን ትነኩና "ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ" የሚለውን ትመርጣላችሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ድምፁ ትንሽ ሊቀንስ ወይም ማይኩ ላይሰራ ይችላል፣ ያኔ በማሽኑ ሞዴል ልክ ከአምራቹ የወጣውን ድራይቨር ፈልገን እንጭንላችኋለን። በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ስታገኙ ዊንዶውስ አፕዴት የድሮውን መልሶ ሊጭነው ይችላል፣ ችግሩ ከተመለሰ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ድራይቨር ሳትነኩ ሊስተካከልም ይችላል። የሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ስፒከሩን ከፍታችሁ ኢንሃንስመንት (ድምፅ ማሳመሪያ) የሚለውን በሙሉ አጥፉ፣ አድቫንስድ የሚለው ጋ ደግሞ የድምፁን ጥራት 192000 ኸርዝ ላይ የሰቀለው ሰው ካለ ወደ 48000 አውርዱት። ቤዝ የሚጨምሩ፣ ሰራውንድ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞችንም አስወጧቸው፣ አንዳንዶቹ ጌሙ ውስጥ ገብተው ነው የሚሰሩት፣ እኛ ለጌም ማሽን አንመክራቸውም።

አሁን ወደ ጅማ ጉዳይ እንምጣ። ከተማችን ዝናቧ ብዙ ነው፣ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ያለው እርጥበት ልብስ እንኳን አያደርቅም፣ ይሄ እርጥበት የሄድፎን መሰኪያው ጃክ ውስጥ ገብቶ ብረቱ እንዲዝግ ያደርጋል። ጃኩ ውስጥ ሄድፎን መሰካቱን የሚያውቅ ትንሽ መነካኪያ አለ፣ እሱ ሲቆሽሽ ወይም ሲላላ ድራይቨሩ ሄድፎን ተሰካ፣ ተነቀለ፣ ተሰካ እያለ ይረበሻል፣ በየመሃሉ "አዲስ ነገር ተሰክቷል" የሚል መስኮት እየወጣ ጌሙን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ድምፁም ከስፒከር ወደ ሄድፎን ሲመላለስ ጌሙ እየቆመ ይሄዳል። ጌም ቤት ያላችሁ ይሄ የእናንተ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሄድፎን ሲሰካ ሲነቀል የሚውለው የፊት ለፊቱ ጃክ ቶሎ ነው የሚያልቀው። መፍትሄው ማሽኑን ከመብራት ነቅሎ ጃኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ማጽዳት ነው፣ ካልሆነ የፊቱን ጃክ ገመድ ከማዘርቦርዱ ላይ ነቅሎ በኋላው መጠቀም፣ ሪልቴክ ሴቲንጉ ውስጥም የፊቱን ጃክ አትከታተል የሚል ምርጫ ያላቸው አሉ። ውሃ ወይም ሽቶ እንዳትነፉበት አደራ።

ጃኩም ቺፗም ከነአካቴው ካለቀ ማዘርቦርድ አትቀይሩ! ትንሿን የዩኤስቢ ሳውንድ ግዙ፣ የማዘርቦርዱን ሳውንድ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብተን እናጠፋዋለን፣ በቃ። ዋጋዋ ከራምም ከግራፊክስ ካርድም ጋር አይወዳደርም፣ ብትሰበርም ሌላ ሰክቶ መቀጠል ነው።

ወደኛ ስትመጡ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ ከመምጣታችሁ በፊት ፎርማት አታስደርጉት፣ ዊንዶውስ ምን ሲሆን ምን እንደተበላሸ የሚመዘግብበት ቦታ አለው፣ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። እኛ ላተንሲሞን በሚባል ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ማን ይዞ እንደሚያቆይ እናንተው ፊት እናሳያችኋለን፣ ስሙ በአር ቲ ኬ የሚጀምር ፋይል ከላይ ከመጣ የሪልቴክ ነው፣ በኤን ቪ ከጀመረ ብዙ ጊዜ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨር ነው፣ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። ሁለተኛ ሲቆም የምትጠቀሙበትን ሄድፎን ራሱን ይዛችሁ ኑ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ከነቻርጀሩ፣ የትኛው ጌም የቱ ጋ እንደሚቆምም ንገሩን። ለምርመራው አናስከፍልም፣ ዕቃ የሚያስፈልግ ከሆነም ለምን እንደሚያስፈልግ ሳናሳያችሁ አንቀይርም።

አክባሪዎቻችሁ፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ፣ ጅማ