ጉንፋን ነው አትበይኝ

እማ አሰላሙ አለይኩም፣ አፊያ ነሽ ወይ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፣ ማለቴ አሁን ደህና ነን። ይችን በቴሌግራም ለእህቴ ልጅ የምልካት ቁጭ ብሎ እንዲያነብልሽ ነው፣ አንተም አንባቢው ያልጣመህን እንዳትዘል፣ ሙሉውን አንብብላት።

ሚጣ ከኬጂ ጉንፋን ይዛ መጣች ብዬሽ አልነበር? ጉንፋን አልነበረም። ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ይቺ ግን ጠዋት እየሳቀች ሄዳ ማታ እንደ ምጣድ ግላ ተመለሰች፣ በሦስተኛው ቀን ማሙሽ፣ ከዛ እኔ፣ ከዛ አባታቸው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ኢንፍሉዌንዛ ነው አለችን፣ ሰው ገና ሳያመው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል፣ ካመመው በኋላም እስከ 5 ወይ 7 ቀን፣ ስለዚህ ማን አመጣው እያላችሁ አትጣሉ ብላ አሳቀችን። አንቲባዮቲክ ስጪን ብላት ቫይረስ አይገድልም ብላ ከለከለችኝ። ይልቅ የሚጣን ትንፋሽ መቁጠር አስተማረችኝ፣ ስትተኛ ደረቷን ገልጦ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ በሷ ዕድሜ 40 ከሞላ ወይም ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽ ሩጪ አለችኝ። ስቆጥር አደርኩ፣ 34፣ 36፣ አንዴ 38 ሲገባ ነፍሴ ልትወጣ። አንቺም እንዲህ ስታድሪልኝ ኖረሻል መሰለኝ፣ አመስግኜሽም አላውቅ። አሁን ድና ወንድሟን ትማታለች። የማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወርነው።

ጣራ ካነሳሁ አይቀር፣ ቪዲዮ ስደውልልሽ ለምንድነው ጣራውን ብቻ የምታሳይኝ? ሐሙስ ለት ስልኩን አርቀሽ ስትስይ ሰምቻለሁ። "ጉንፋን ነው፣ አብሽሪ" አልሽኝ። የአባባም ጉንፋን ነበር።

ይሄን አንስቼብሽ አላውቅም። ጥር 2009 ፈተና ላይ እያለሁ በየቀኑ ስደውል ጉንፋን ነው፣ ዳማከሴ አሽተንለታል፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ ነበር መልሳችሁ። ከዛ አጎቴ ዶርም ድረስ መጣ፣ አባትሽ ትንሽ አሞታል እንሂድ አለኝ። ከሚሴ ሻይ ስንጠጣ ዓይኔን አላየኝም። ሐረጎን ስንወጣ ሁሉም ዝም፣ የማወራው እኔ ብቻ፣ ብርቱካን ገዝቼለት ነበር እኮ ለጉንፋን ጥሩ ነው ብዬ። ሰፈር ስንደርስ ድንኳኑን አየሁት። ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖታል። ጀናዛውን የሰፈር ሰው ሁሉ ሸኝቶት እኔ ብርቱካን ይዤ መጣሁ። ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው አልሽኝ፣ አውቃለሁ፣ ያገሩ ወግ ነው፣ ደሞ እናንተም እውነት ጉንፋን መስሏችሁ ይሆናል፣ ሳንባ ምች መሆኑ የታወቀው ከመሸ ነው። ግን ወላሂ ያን ፈተና ማለፌ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ህዳር ሲታጠን ከአያትሽ የሰማሽውን ትነግሪን የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ በ1911 ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፣ ቀባሪ ጠፋ እያልሽ። ያ የህዳር በሽታ እኮ እሱ ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ዘንድሮም ጎረቤቶችሽ በ12 ቆሻሻ ሲያቃጥሉ በር ዘግተሽ ተቀመጪ፣ ጭሱ ሳል ይጨምርብሻል።

አንቺ ስኳር አለብሽ፣ 68 ዓመትሽ ነው፣ ሚጣን በሳምንት የለቀቃት ላንቺ ሌላ ነው። ስኳርሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ዳማከሴውን ታሺ፣ ዝንጅብሉንም ጠጪ፣ ማሩን ግን ተይው። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳትውጪ። የጦሳ ብርድ አጥንት እንደሚገባ አላጣሁትም፣ ግን ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ አትተኚ፣ ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱን ክፈቺው። ቡና ላይ የሚያስነጥስ ሰው ካየሽ በረካውን ሳትጠብቂ ተነሺ (ነውር ነው ትያለሽ፣ በኔ አሳብቢ)፣ ሲኒውም በሳሙና ይታጠብ፣ ለቅለቅ አይበቃም። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይ ተሻለኝ ብለሽ ትኩሳቱ ከተመለሰ በዛው ቀን ሐኪም ቤት፣ ብሩን ለልጁ ልኬለታለሁ።

ዛሬውኑ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እኔም ገና እያሳለኝ ነው፣ ይዤብሽ ልመጣ ነው? ሌላ ሳምንት ቅዳሜ እሳፈራለሁ። እስከዛ አንተ አንባቢው እሷ ጋ እደር፣ ከባሰባት ደግሞ እሷ አትንገር ብትልህም ለኔ ነው የምትደውለው፣ ፈተና አለባት፣ ልጆች አሉባት፣ ምናምን የለም።

ዛሬ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ እማ። ካሜራውን ወደ ፊትሽ አዙሪው።